መሣሪያው የማን ነበር? የአዲስ አበባ ባንዶች ታሪክ

የአዲስ አበባ ባንድ ለረጅም ዘመን የደመወዝተኞች ስብስብ ነበር። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የቤተ መንግሥት፣ የጦር ክፍል ወይም የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው፤ ነፊው ደግሞ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራውን የለቀቀ ሙዚቀኛ ችሎታውን ይዞ ይወጣል፤ መሣሪያው እዚያው ይቀራል። ዛሬ የዚያን ዘመን ዘፈን የሚያስታውስ ሰው አስቀድሞ የሚጠራው የድምፃዊውን ስም ነው። የባንዶቹን ታሪክ ለመከታተል ግን መሣሪያው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ማየት ያዋጣል። መንገዱ ከቤተ መንግሥት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ሙዚቀኞቹ፣ ከዚያም ወደ አንድ ኪቦርድ ይወስዳል።

ከዐድዋ እስከ አርባ ልጆች

በቀድሞው ቤተ መንግሥት ክብርን የሚያውጁት ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ነበሩ። የአውሮፓ የናስ መሣሪያ የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ ሲሆን፣ አመጣጡም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ ከላኩት ስጦታ ጋር የተያያዘ ነው። መሣሪያው ለሰልፍና ለአቀባበል አገለገለ እንጂ ለዘፈን ገና አልዋለም።

ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የአርመኖችን ገዳም ጎበኙ። በኦቶማን ግዛት ከደረሰው ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች ገዳሙ ውስጥ የናስ ባንድ አቋቁመው ነበር። ራስ ተፈሪ ጨዋታቸውን ሰምተው ወደዱት፤ ከገዳሙ ጋር ተስማምተውም 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መጠለያቸውም ደመወዛቸውም ከመንግሥት ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ በጻፉት ግጥም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ደረሱ፤ መዝሙሩም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ተዘምሯል።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በሌላ አቅጣጫ መጣ። ዓላማው ከጣሊያን ወረራ በፊት ሕዝቡን ማነሣሣት ነበርና ክራርና ማሲንቆ፣ ሽለላና ቀረርቶ፣ ንግግርና ጨዋታ በአንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። ከነፃነት በኋላ ሁለቱ ፈለጎች ተገናኙ፤ የናሱ መሣሪያ ከጦሩ ወገን፣ ዜማውና ድምፃዊው ደግሞ ከሀገር ፍቅር።

ባለ ማዕረግ ሙዚቀኞች

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦርና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙዚቃ ክፍል አደራጁ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ኦርኬስትራ ተቋቋመለት። በዚህ ቤት ትልቁን የቅንብር ሥራ የሠሩት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው።

የእነዚህ ዓመታት ዋና ጥያቄ ሙያዊ ነበር። የአማርኛ ዘፈን የሚመላለሰው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በተባሉት ቅኝቶች ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅኝት ባለ አምስት ድምፅ ነው። የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ደግሞ የተሠራው በሰባት ድምፅ ላይ ነው። የጎደሉትን ሁለቱን በዘፈቀደ የሞላ አቀናባሪ ዜማው ትዝታ መሆኑ ቀርቶ የሰልፍ ማርሽ ይሆንበታል። መላው ቀላል ነበር። ነፊዎቹ በአንድ ድምፅ ሆነው ድምፃዊውን እንዲቀበሉ ተደረገ። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይጥላል፤ ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን አጫጭር ሐረግ ይመልሱለታል። በሠርግ ቤት አውራጅና ተቀባይ የሚያደርጉትን ናሱ ወረሰው ማለት ይቻላል። እስካሁን የዚያን ዘመን ዘፈን ገና ከመግቢያው የሚያስለየው ይህ የነፊዎች ቅብብል ነው።

ሌላውን መንገድ የከፈተው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላ ተዋጊ ከዘመቻ በፊት የሚፎክርበት፣ ዘር የሚቆጥርበትና ጀግንነት የሚያወሳበት የድምፅ ጥበብ ነው። ጌታቸው ይህን በቴነር ሳክስፎን ነፋው። የፎካሪው ጉሮሮ የሚያወጣውን መንቀጥቀጥ፣ ድንገት ከፍ ማለቱንና ትንፋሽ ማሳጠሩን ቀጥታ ወደ መሣሪያው አዛወረ። እንዲህ ሲነፋ አጃቢዎቹ ለአፍታ ወደ ኋላ ይላሉ፤ እንደ ፎካሪ መሐል የሚገባው ሳክስፎኑ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት በቴአትር ቤቱና በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ የወጣው ሸክላው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስም አትርፎለታል።

በጦር ክፍል ሥር መሆን ጥቅሙ የጎላ ነበር። ልምምድ በየቀኑ አለ፤ ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው፤ እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ አቀናባሪዎችም የሚያድጉበት ጊዜና ቦታ ያገኛሉ። ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገረው ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ በኋላም ማሕሙድ አህመድ በዚህ ቤት ገነኑ፤ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ። ጉዳቱም ያው ወታደርነቱ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጥርጣሬው ዘፋኞቹም ላይ ወደቀ፤ ጥላሁን ራሱ ታስሯል።

ውቤ በረሃና ሆቴሉ

ወታደሩ ሙዚቀኛ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ይነፋል። ማታ ግን ከተማው ሌላ ገበያ ነበረው። ውቤ በረሃ የመጠጥ ቤትና የጭፈራ ሰፈር ነበር፤ በከተማው የሌሊት ክለቦች ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ የክብር ዘበኛ ልጆች ይጫወታሉ። የማሕሙድ አህመድ አጀማመር ይህን ሁለት ኑሮ ያሳያል። ማሕሙድ ሙያውን የጀመረው አሪዞና በተባለ ክለብ ውስጥ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥሮ ነው። ከክብር ዘበኛ የሚመጡት ሙዚቀኞች እዚያ ይጫወቱ ነበርና አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር እኔ ልሞክር አለ። ሞከረ፤ ወደዱትም። በዚሁ ሰበብ ወደ ክብር ዘበኛ ገብቶ እስከ አብዮቱ ድረስ ቆየ።

ወጣቱ የሚሰማውም ተለወጠ። በአስመራ የሚገኘው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንና ከውጭ የሚገባው ሸክላ ትዊስትን፣ ሮክንና ሶልን አሰራጩ። ዓለማየሁ እሸቴ በአለባበሱ፣ በጸጉሩና በመድረክ እንቅስቃሴው አዲሱን ፋሽን ሲያንጸባርቅ አድናቂዎቹ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» አሉት። ሙላቱ አስታጥቄ በበኩሉ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሁለት አልበሞች አሳትሞ ሲመለስ ቫይብራፎንንና «ኢትዮ ጃዝ» የሚለውን ስም ይዞ መጣ።

በዚህ ጊዜ ነው የሆቴልና የክለብ ባንድ የተፈጠረው። ራስ፣ ግዮን፣ ዋቢ ሸበሌና እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሒልተን ለእንግዶቻቸው በየምሽቱ ሙዚቃ ይፈልጉ ነበር። እንደ ሶል ኤኮስ ያሉ ከጦር ክፍል ውጭ የተደራጁ ወጣቶችም ብቅ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር የተቀዳው የተሾመ ምትኩ ድምፅ ከዘመኑ ተወዳጆች አንዱ ነው። የባንዱም መጠን ቀነሰ። የኦርኬስትራው የነፊዎች ረድፍ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰው ወረደ፤ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኦርጋንና ድራም ቦታውን ያዙ። ምሽቱም የራሱ ሥርዓት ነበረው። እራት በሚበላበት ሰዓት ለስለስ ያለ የውጭ ዜማ ያለ ድምፃዊ ይጫወታሉ፤ ሳህኑ ሲነሣ ዳንሱ ይከፈታል፤ ሌሊቱ ሲገፋ እንግዳው የሚጠብቀው ችክችካና ትዝታ ይመጣል። አንድ ባንድ በአንድ ሌሊት ጃዝም፣ ሶልም፣ ሕዝባዊ ዜማም መቻል ነበረበት። መሣሪያው ከመንግሥት እጅ ቢወጣም ገና የሙዚቀኛው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የክለቡ ጌታ ነበር።

ሸክላ

የሸክላ ሥራ ደግሞ በሕግ የታጠረ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሲሆን፣ ማኅበሩም በዘመናዊ ዘፈን ብዙም አልገፋበትም። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር፤ በውጭ አገር ታትሞ ገባ፤ ወዲያውም ተሸጠ። ባለሥልጣኖቹ ቢያስፈራሩም ሥራው አልቆመም። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። ፊሊፕስና የዓሊ አብደላ ካይፋ የሆነው ካይፋ ሪከርድስም ገበያውን ተጋሩ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ሸክላ ላይ የቀረው ድምፅ ነው።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄም የአገሩን ሙዚቃ አቀናብሮ ለእንግዳው ባንድ አቀረበለት። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ።

ሰዓት እላፊ

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በሌሊቱ ላይ ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰዓቱ በየጊዜው ቢለዋወጥም እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ቆየ። እኩለ ሌሊት ላይ ደምቆ ይጀምር የነበረው ጨዋታ ከእኩለ ሌሊት በፊት ማለቅ ነበረበት። ውቤ በረሃ ቀዘቀዘ። አምሃ እሸቴን ጨምሮ ብዙዎች አገር ለቀቁ።

ሙዚቀኞቹና ታዳሚዎቻቸው መላ ፈጠሩ። በሰዓት እላፊ መውጣት ካልተቻለ ጨርሶ አለመውጣት ይቻላል። የክለቡ በር ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ሰው እስኪነጋ ይጨፍራል፤ ማለዳ በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ዘመን አንድ የባንድ ሥራ ከምሽት እስከ ንጋት የሚዘልቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። የዘፈን ግጥም ከመቀዳቱ በፊት ለሳንሱር ይቀርብ ስለነበርም ግጥም የሌለው ሙዚቃ ቀለል ያለ መንገድ ሆነ።

መሣሪያው በመጨረሻ በሙዚቀኞቹ እጅ የገባው በዚህ ከባድ ዘመን ዋዜማ ነው። ከቬነስ ክለብ የወጡ ሙዚቀኞች ያቋቋሙት ዋልያስ ባንድ አባላቱ የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ ከክለብና ከሆቴል ጋር ራሳቸው የሚዋዋሉ ሆኑ። ውሉን ያልወደደ ባንድ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ቻለ ማለት ነው። ዋልያስ ለአሥር ዓመት ገደማ የሒልተን ባንድ ሆኖ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» አልበም ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ቫይብራፎኑን ሙላቱ አስታጥቄ ተጫውተዋል፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰትም ከአገር ውጭ ደጋግሞ የተጫወቱት ሆኗል። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሲቀዳ ስቱዲዮ የሆነው የግዮን ሆቴል ክለብ ነበር። ማታ የሚጨፈርበት ቤት ከሰዓት በኋላ ባዶ ስለሆነ ለሦስት ቀን እዚያው ቀዱት።

ካሴት

ከአብዮቱ በኋላ ሸክላ ከገበያ እየወጣ ካሴት ገባ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሙዚቃ ቤቱ ይባዛል፤ በአውቶቡስና በሻይ ቤት ይሰማል። ለባንዶች አዲስ ዓይነት ሥራ አመጣ። አንድ ድምፃዊ ካሴት ሲያወጣ ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው ይገኝና አጃቢነቱ ለአንድ ባንድ ይሰጣል፤ ያው ባንድ በዚያው ዓመት ብዙ ድምፃውያንን ያጅባል።

የዚህ ዘመን ትልቁ ስም ሮሃ ባንድ ነው። ሥሩ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ባንድ ሲሆን፣ የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ያጀበው እርሱ ነበር። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ ሳክስፎኑን ፈቃዱ አምደመስቀል ይዘው፣ ከዳህላክ የመጣው ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድና በቅንብር ተጨመረ። የሮሃ ቤዝ ለብቻው ሊደመጥ የሚገባው ነው። በችክችካ ምት ውስጥ እንደ ክራር ይላወሳል፤ ድራሙ ስድስት ሲቆጥር ቤዙ አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት እየከፈለ ዳንሰኛውን ይጎትታል። በሰማንያዎቹ እ.ኤ.አ. ካሴት የሰማ ሰው የዘፋኞቹን ልዩነት ያውቃል፤ ከሥር ያለው ድምፅ ግን በአብዛኛው የሮሃ፣ የዳህላክ፣ የዋልያስ ወይም የኢትዮ ስታር ነበር። የካሴቱ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ ይጎላል፤ የባንዱ ስም በደቃቅ ፊደል ከታች ይጻፋል። ትዝታም የያዘው ሽፋኑን ነው።

በባሕር ማዶ

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ይህን ጉዞ በማድረግ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ነበር። ታዳሚው በአብዛኛው ከአብዮቱ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ በዚያው ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በአዲስ አባላት ቀጠሉ። አንድ ባንድ ለሁለት ተከፈለ።

ዋሽንግተንና አካባቢው ሁለተኛ የባንድ ከተማ ሆነ። አምሃ እሸቴ እዚያ የኢትዮጵያ ምግብና ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ወጣቶቹ የአድማስ ባንድ አባላት ቅኝትን ከዘመኑ ሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1984 «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው አልበም አወጡ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየበጋው የእግር ኳስ ውድድር ሲያዘጋጅ የምሽት ኮንሰርት አብሮ ተለመደ። በአዲስ አበባ በሰዓት እላፊ የተዘጋው ሌሊት በስደት ከተሞች ተከፈተ።

ብዙዎቹ ነባር ሙዚቀኞች ግን በሙዚቃ ብቻ መኖር አልቻሉም። ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው ሻንጣ ይዞ ይዞር ነበር፤ በአየር ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ከኋላ መቀመጫ ሆኖ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር አጣምሮ ለብቻው የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ከታክሲው ወደ መድረክ ተመለሰ።

ኪቦርድና ተሐድሶ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰዓት እላፊው ተነሣ፤ የሌሊት ቤቶች በዙ፤ አዝማሪ ቤቶችም እንደገና ደመቁ። ባንዶቹ ግን የተጠበቀውን ያህል አልጠቀማቸውም። ምት የሚመታ፣ ቤዝ የሚጫወትና የነፊ ድምፅ የሚያስመስል ኪቦርድ ርካሽ ሆኖ ነበር። ለስድስትና ለሰባት ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ለአንድ ድምፃዊ በቂ ሆነ፤ የመጀመሪያው ተጎጂም ነፊው ነበር። ሮሃም በዚያው ዘመን ተበተነ።

መልሶ መታደሱ ከውጭ ተጀመረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ከተማረከ በኋላ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጂግ እንዲታተም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ። በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም አዲስ አድማጭ መጣ። ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አወጣ፤ ግርማ በየነም «አካሌ ውቤ» ከተባሉ ፈረንሳውያን ጋር በ2017 ወደ ሙያው ተመለሰ። እነዚህ ባንዶች የተማሩት ከሸክላው ነው። የአዲስ አበባ ነፊዎች የፈጠሩትን ቅብብል ኖታ በኖታ አውጥተው አጠኑት። በአገር ውስጥም እንደ ጃኖ ያሉ ቡድኖች ሙሉ ባንድን ወደ መድረክ መለሱ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው ሌላ ከዋኝን፣ ማለትም ድምፃዊውንና ተጫዋቹን፣ መብት ያለው ወገን አድርጎ ደነገገ። ከአርባ ልጆች ዘመን ጀምሮ የነበረው ጥያቄ የመሣሪያው ባለቤት ማን ነው የሚል ነበር። አዋጁ ከመሣሪያው የሚወጣውን ድምፅ ራሱን በባለቤትነት ጥያቄ ውስጥ አስገባው፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ስሞችም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ፊት ቦታ አገኙ።